የጠቢቡ ዓይንና የመኪናው ትእዛዝ

ከደብረ ታቦር ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ጋፋት በኢትዮጵያ የብረታ ብረት ሥራ ታሪክ ውስጥ ስሙ ገንኖ የሚነሣ ሥፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ጠቢባንን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ ያስቀለጡት በዚህ ኮረብታ ላይ ነበር። ስለ ጋፋት የተነገረውና የተጻፈው አብዛኛው ስለ መድፉ ግዙፍነት፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ምኞትና ስለ መቅደላ ፍጻሜ ነው። ሥራው በምን ዓይነት ትእዛዝ ይመራ እንደ ነበር፣ «ቀጥል»፣ «ድገም»፣ «ተው» የሚለው ቃል ከየት ይወጣ እንደ ነበር ግን ብዙ ጊዜ አልተጠየቀም። ብረት ቆራጩ መኪና ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ በተጻፈ ትእዛዝ በሚመራበት በዛሬው ዘመን ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። የሙያው ልብ ያለው በእነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ ነውና።

ማናቸውም ሥራ በትእዛዝ ተዘርዝሮ ሲታይ ሦስት መልክ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው መሠራቱ ነው። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ምርጫ ነው፤ ይህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ ማለት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን ታሰማለች፣ ሊጡን ታፈሳለች፣ ትከድናለች፤ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ይህንኑ ትመላልሳለች፤ ይህ ድግግሞሽ ነው። ምጣዱ ከበረደ ማገዶ ትጨምራለች፣ ከጋለ ትቀንሳለች፤ ይህ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኮራዶ ቦህምና ጁሴፔ ያኮፒኒ የተባሉ ሁለት ኢጣሊያውያን ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ፣ ለማስሊያ መኪና የሚሰጥ ማናቸውም የትእዛዝ ዝርዝር በእነዚሁ በሦስቱ ብቻ ሊደራጅ እንደሚችል በሒሳብ አረጋግጠዋል። ሊቃውንቱ በቀመር ያረጋገጡትን ነገር ባለሙያ እጅ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነበር። እጅ የሚያውቀውን ይህን ነገር ከእጅ አውጥቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ ብዙ ዘመን የፈጀ ድካም ሆኗል።

ትእዛዙ በሰው ውስጥ ሲኖር

በጋፋት ከሠሩት አውሮፓውያን መካከል በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡት ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር፣ እንዲሁም ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ይገኙባቸዋል። የክሪሾና ሰዎች የመጡት የእጅ ሙያ ከወንጌል ስብከት ጋር እንዲያጣምሩ ተብለው እንጂ መድፍ ሠሪዎች ሆነው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የፈለጉት ሙያቸውን ነበር። መንገድና ሠረገላ ከማሠራት ተነሥተው ቀስ በቀስ ወደ መድፍ ሥራ አሸጋገሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ተደጋግሞ ሲሞከር ግን ሥራው ተሳካ።

መድፍ የማቅለጥ ሥራ እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በቅድሚያ የመድፉ ቅርጽ ከጭቃ ይሠራል፤ ቅርጹም ርጥበት እንዳይቀርበት ሆኖ ይደርቃል። ርጥበት ከቀረ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቅርጹን ያፈነዳዋል። መዳብና ቆርቆሮ በምድጃ ውስጥ ይገባሉ፤ ወናፉ ይነፋል። ነሐሱ ሳይደርስ ከተፈሰሰ በመንገድ ላይ ይረጋና ቅርጹን ሳይሞላ ይቀራል። ከመጠን በላይ ከጋለም አየር ስለሚያቅፍ መድፉ ውስጥ ለውስጥ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ እንዲህ ያለው መድፍ በተተኮሰ ጊዜ ተኳሹን ይገድላል። ስለዚህ የሥራው ሁሉ ማሰሪያ አንዲት ጥያቄ ናት፤ «ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ያልደረሰ እንደ ሆነ ወደ ወናፉ መመለስ፣ የደረሰ እንደ ሆነ መክፈት። ይህን የሚመልሰው የቀለጠውን ነገር ቀለም የሚያየው የጠቢቡ ዓይን ነበር። አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ መመለሻ የለም።

በዚህ አኳኋን የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ተብሎ ተሰየመ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱንም ከፊቱ እያስጠረጉ በጅዳና በበሽሎ ገደል አሻግረው ወደ መቅደላ ወሰዱት። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ ይገኛል።

ቴዎድሮስ የነሐስ መድፍ ብቻ አልነበረም የፈለጉት። በ1858 ዓ.ም. ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር የላኩት ጠቢባንና የሥራ መኪናዎች እንዲመጡላቸው ነበር። ጠቢባኑና ዕቃው ምጽዋ ድረስ ደረሱ፤ ይሁን እንጂ በእስረኞቹ ጉዳይ ምክንያት ወደ ደጋው ሳይወጡ ተመለሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ አውሮፓውያኑ ጠቢባን ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሪቱን ለቀው ወጡ። የጋፋት ምድጃም ጠፋ። «ደርሷል» እና «አልደረሰም» የሚለውን የሚለየው ዕውቀት በዓይንና በእጅ ውስጥ ይኖር ነበርና ባለ ዓይኑ ሲሄድ አብሮ ሄደ። ከዚያ ትልቅ ድካም ለደብረ ታቦር የቀረላት የሥፍራው ስምና ትዝታው ነው።

ምልክት ጥራ፣ ምልክት መልስ

ይህ ሁሉ በሆነበት በዚያው ደጋ ግን ትእዛዝን በጽሑፍ የማኖር የቆየ ባህል ነበር። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከረውም በዚያው በጋይንት በዙር አምባ ነው። ደብረ ታቦር ራሷ በአቋቋም ትምህርት የታወቀች ናት። ዜማውን የደረሰው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ትውፊት ሲናገር፣ የዜማው ምልክት ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ይነገራል።

የድጓን መጽሐፍ ገልጦ የሚያይ ሰው ከቃላቱ በላይ ጥቃቅን ፊደላትን ያገኛል። እያንዳንዱ ምልክት ከአንድ ከታወቀ የድጓ ቃል የተወሰደ ምህጻር ነው። መርጌታው ምልክቱን ሲያይ የዚያ ቃል ዜማ በሙሉ ይታወሰዋል፤ ያንን ዜማ አምጥቶ በፊቱ ባለው አዲስ ቃል ላይ ያውለዋል፤ እንደ ጨረሰም ወዳቆመበት ተመልሶ ይቀጥላል። ምልክቶቹ ከ500 በላይ ናቸው። አንድ ዜማ በመቶ ሥፍራ ቢፈለግ መቶ ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ከተጠና በኋላ በስሙ መጥራት ይበቃል። ከእነዚህ ሌላ ድፋት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክና የመሳሰሉት ምልክቶች ድምፁ የሚወርድበትን፣ የሚፈስበትንና የሚቆምበትን ያመለክታሉ።

በአቋቋም ደግሞ ሌላ ዓይነት ድግግሞሽ አለ። አንዱ ቃል በመጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል ይመረገዳል፤ በመጨረሻም በጽፋት ይፈጥናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ በየዙሩ የሚለወጠው አባባሉ ነው። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚታለፍበትን ጊዜ የሚወስነው ግን መጽሐፉ ሳይሆን ማኅበሩን የሚመራው ሊቅ ነው። እንግዲህ በዚህ ባህል ቅደም ተከተሉና ድግግሞሹ በብራና ሰፍረዋል፤ ምርጫው በሰው ዘንድ ቀርቷል። ትምህርቱ የመምህራን ሞት፣ ጦርነትና ረኀብ እየተፈራረቁበት ሳይቋረጥ የደረሰው በጽሑፍና በአፍ በአንድነት ስለ ተጠበቀ ነው።

ከካርድ ወደ ሪባን

በአውሮፓ ትእዛዝን ለመኪና መጻፍ የተጀመረው በሸማ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ማሪ ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 በሊዮን ከተማ ባሳየው የሽመና መኪና ላይ የሐሩ ጥለት በተበሱ ካርዶች ይታዘዝ ነበር። አንድ ካርድ ለአንድ ማግ ውርወራ ያገለግላል፤ ካርዶቹ በገመድ ተያይዘው ይሰለፋሉ። የመጨረሻው ካርድ ከመጀመሪያው ጋር ሲታሰር ጥለቱ ያለ ማቋረጥ ይመላለሳል። ድግግሞሹ የተገኘው እንግዲህ ከጽሑፉ ሳይሆን ከገመዱ ነው። ምርጫ ግን በዚያ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1830ዎቹ ባቀደው የማስሊያ መኪና ይህንኑ ካርድ ወስዶ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። መኪናው በስሌቱ ውጤት መሠረት ካርዶቹን ወደ ኋላ እንዲመልስ ወይም ወደ ፊት እንዲዘል አሰበ። ኤዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመችው ማብራሪያ የተመላላሽ ትእዛዞችን አሠራር በዝርዝር አስረዳች። መኪናው ግን ተሠርቶ አላለቀም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ የጀመረው የሃርቫርድ ማስሊያ እንኳ በመጀመሪያ ከተበሳ የወረቀት ሪባን ቀጥ ብሎ ከማንበብ በስተቀር የመምረጥ ችሎታ አልነበረውም። ድግግሞሽ ሲያስፈልግ ሠራተኞቹ የሪባኑን ሁለት ጫፎች አጣብቀው ቀለበት ያደርጉት ነበር፤ ይኸውም የዣካር ዘዴ ነው።

ብረት ቆራጩ መኪና ወደዚህ ታሪክ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የሄሊኮፕተር ክንፍ ክፍሎችን ይሠራ የነበረው ጆን ፓርሰንስ ጠመዝማዛ ቅርጾችን በቁጥር አስልቶ ለመቁረጥ አሰበ። ከአሜሪካ አየር ኀይል እ.ኤ.አ. በ1949 ያገኘው ውል የማሳቹሴትስን የቴክኖሎጂ ተቋም ወደ ሥራው አመጣው፤ ተቋሙም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 በተበሳ የወረቀት ሪባን የሚታዘዝ የመጀመሪያውን የፍሬዛ መኪና ለሕዝብ አሳየ። በባለሙያዎች ዘንድ ቶርኖና ፍሬዛ እየተባሉ የሚታወቁት መኪናዎች ከዚያ ጀምሮ ቁጥር ማንበብ ጀመሩ። ስለዚህ ቁጥር አንባቢ መኪና ሊባሉ ይችላሉ፤ ኮምፒዩተር ከተገጠመላቸው በኋላ በዓለም ሁሉ የሚታወቁት ሲ ኤን ሲ በሚለው ምህጻር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቁጥር አንባቢዎች ሪባኑን ከላይ እስከ ታች ከማንበብ በቀር ሌላ አያውቁም ነበር። አንድ መስመር ያነባሉ፣ ይፈጽማሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አንድ ዕቃ ሲያልቅ ሪባኑ ተጠቅልሎ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነበረበት። ዛሬም በየመኪናው ትእዛዝ መጀመሪያና መጨረሻ የሚጻፈው የመቶኛ ምልክት ትርጉሙ ይህ ነው፤ ተጠቅላዩ ሪባን የሚቆምበትን ሥፍራ ያመለክት ነበር። «ኤም 30» የሚባለው የፍጻሜ ትእዛዝም ሪባኑን ጠቅልለህ መልስ የሚል መልእክት ነበረው። ሪባኑ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ምልክቱ ግን ቀርቷል። መስመሩን በሰያፍ ጭረት የሚያስጀምረው ትእዛዝም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ሠራተኛው በመኪናው ላይ ያለውን ማብሪያ ከከፈተ እንዲህ ያለው መስመር ይዘለላል፤ ከዘጋ ይፈጸማል። ይህ የመጀመሪያው የመዝለል ትእዛዝ ቢሆንም መራጩ ያው ሰው ነበር።

እውነተኛው መዝለል ከመኪናው በፊት የደረሰው ወደ ትእዛዝ ጸሐፊው ጠረጴዛ ነው። በማሳቹሴትሱ ተቋም በዳግላስ ሮስ መሪነት የተዘጋጀው ኤፒቲ የተባለው የትእዛዝ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1959 ለጋዜጠኞች ሲገለጥ፣ በዚሁ ዘዴ የተቆረጠ የአሉሚኒየም የሲጋራ መተርኮሻ ለእንግዶቹ ታድሏል። ኤፒቲ «ወደዚህ ዝለል»፣ «ይህ ከሆነ»፣ «መላልስ» የሚሉ ቃላት ነበሩት። እነዚህን ቃላት የሚፈታው ግን በሌላ ክፍል የተቀመጠው ትልቁ ኮምፒዩተር ነበር፤ ከእርሱ ወጥቶ ወደ መኪናው የሚደርሰው ሪባን መልሶ ቀጥ ያለ ዝርዝር ነበር።

መኪናው መምረጥ ሲጀምር

በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ትናንሽ ኮምፒዩተሮች በመኪናው አካል ውስጥ መገጠም ሲጀምሩ ሁኔታው ተለወጠ። ትእዛዙ በሪባን ላይ መሆኑ ቀርቶ በመኪናው ማኅደር ውስጥ ሰፈረ፤ ከማኅደርም መካከል ማንበብ፣ ወደ ኋላ መመለስና መዝለል ተቻለ። የአሠራሩ ዓይነት በየኩባንያው ቢለያይም በዓለም በስፋት የተሠራጨው የጃፓኑ ፋኑክ ሥርዓት ለምሳሌ ሊወሰድ ይችላል።

የመጀመሪያው ዘዴ ጥሪ ነው። «ኤም 98» የሚለው ትእዛዝ በቁጥር የተሰየመ ሌላ ንኡስ ዝርዝር ይጠራል፤ በዚያ መጨረሻ የሚገኘው «ኤም 99» ደግሞ ወደ ተጠራበት ሥፍራ ይመልሳል። መርጌታው ምልክቱን አይቶ የታወቀውን ዜማ አምጥቶ ካዜመ በኋላ ወደ ቃሉ እንደሚመለሰው ነው። ሁለተኛው ዘዴ ዝላይ ነው፤ «ጎቱ» የተባለው ትእዛዝ መኪናውን ቁጥር ወደ ተሰጠው መስመር ይልከዋል። ሦስተኛው «ኢፍ» ማለትም «ይህ ከሆነ» የሚለው ሲሆን፣ ዝላዩን ቅድመ ሁኔታ ያስይዘዋል። አራተኛው «ዋይል» ሲሆን፣ ሁኔታው እስካለ ድረስ በመነሻና በመድረሻ መካከል የተዘጋውን ክፍል ያመላልሳል። ለእነዚህ ሁሉ አገልጋይ የሚሆኑት ተለዋዋጭ ቁጥሮች ናቸው፤ ጥልቀት፣ ማዕዘን ወይም የዙር ብዛት በእነርሱ ይመዘገባል።

ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ የብረት ሳህን ላይ በየ30 ዲግሪው 12 ቀዳዳ መብሳት ቢያስፈልግ፣ መብሻውም ሳይሰበር እንዲወርድ እያንዳንዱ ቀዳዳ በ5 ሚሊ ሜትር እየተከፈለ በአራት ዙር ቢበሳ፣ በጠቅላላው 48 ጊዜ መውረድና 48 ጊዜ መውጣት አለ። ይህ ቀጥ ብሎ ቢጻፍ ከ100 መስመር በላይ ይሆናል። በመመላለስ ቢጻፍ ግን ጥቂት መስመር ይበቃዋል፤ አንዱ መመላለስ ጥልቀቱን በ5 ይጨምራል፣ እርሱን ያቀፈው ሌላው መመላለስ ማዕዘኑን በ30 ያሳድጋል። የሳህኑ ውፍረት 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቃሉ ሳይለወጥ አባባሉ በየዙሩ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ትእዛዙ ሳይለወጥ ጥልቀቱ በየዙሩ ይለወጣል።

የአንዲት ቃል ዋጋ

በጽሑፍ ያለ መመለስና መዝለል በዓይን ካለው ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጠቢቡ የሚያየውን መኪናው አያይም፤ የተጻፈለትን ብቻ ያደርጋል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መብሻው አንድ ዙር ከወረደ በኋላ «ጥልቀቱ ከ20 ካነሰ 5 ጨምረህ ተመለስ» ተብሎ ቢጻፍ፣ መኪናው 5፣ 10፣ 15 እና 20 ወርዶ ይቆማል። «ጥልቀቱ ከ20 ካልበለጠ» ተብሎ ቢጻፍ ግን 20 ከ20 አይበልጥምና እንደ ገና ተመልሶ ወደ 25 ይወርዳል። ሳህኑ በቀጥታ በመኪናው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንደ ሆነ መብሻው ጠረጴዛውን ይበሳል። በ«ካነሰ» እና በ«ካልበለጠ» መካከል ያለው ልዩነት የአንድ መኪና ጉዳት ነው። ማዕዘኑን በ30 የሚያሳድገው መስመር ቢረሳ ደግሞ መኪናው ያንኑ አንድ ቀዳዳ ሲመላለስበት ይኖራል።

ከዚህ የሚከፋው የዝላይ ስሕተት ነው። ቁጥር አንባቢ መኪና አንድ ጊዜ የተሰጠውን ብዙ ትእዛዝ ሌላ እስኪሰጠው ድረስ ይዞ ይቆያል። መሽከርከሪያው መዞሩ፣ የመቁረጫው ርዝመት መታወቁ፣ ልኬቱ ከቋሚ መነሻ ወይስ ካለበት ሥፍራ መቆጠሩ ሁሉ ከቀደሙት መስመሮች የተወረሰ ነው። ዝላዩ መሽከርከሪያውን የሚያስነሣውን መስመር አልፎ ቢያርፍ፣ የቆመ መቁረጫ በሙሉ ኀይል ወደ ብረቱ ይገባል። የመቁረጫውን ርዝመት የሚያስታውቀውን መስመር ቢዘል፣ መኪናው አየር ነው ብሎ በሚያስበው ሥፍራ ብረት ያገኛል። ሥራው በመካከል ተቋርጦ ከመካከሉ ሲጀመርም የሚደርሰው አደጋ ይኸው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ጸሐፊ በየዝላዩ መድረሻ ላይ እነዚህን ትእዛዞች እንደ ገና ይጽፋል፤ ከየትም ቢመጣ መኪናው በምን ሁኔታ እንደሚደርስ እንዲታወቅ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 የሆላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ «ሂድ» የሚለው ትእዛዝ ጎጂ መሆኑን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ አሳትሞ ነበር። የሰው አእምሮ በወረቀት ላይ የቆመውን ነገር ማየት እንጂ በጊዜ ውስጥ የሚፈሰውን መከታተል ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ጽሑፉና ድርጊቱ በተቻለ መጠን ተቀራርበው ይሂዱ፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። ዳይክስትራ የተናገረው ስለ ስሌት ኮምፒዩተር ቢሆንም ምክሩ ለብረት ቆራጩ ይበልጥ ይሠራል። በስሌት መኪና የተሳሳተ ዝላይ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፤ በፍሬዛ ላይ ግን መቁረጫ ይሰብራል፣ ሠራተኛም ይጎዳል። በፋኑክ ሥርዓትም ወደ ተመላላሹ ክፍል ከውጭ ዘሎ መግባት የተከለከለ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ መዝለል ግን ይፈቀዳል። አንድ የመስመር ቁጥር በሁለት ሥፍራ ቢጻፍ ዝላዩ ከታሰበው ሥፍራ ሊስት ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ቁጥርን አይደግምም። ይህን የመሰለው ሕግ ሁሉ የተወለደው ዓይን ለሌለው መኪና ዓይን ለመስጠት ከተደረገ ድካም ነው።

ስሙና ሙያው

የጋፋት ስም ዛሬ ከኮረብታው አልፎ ሄዷል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በሥሩ ካሰባሰባቸው ፋብሪካዎች አንዱ ጋፋት የጦር መሣሪያ ኢንጂነሪንግ ኢንዱስትሪ ተብሎ ተጠርቷል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም ይህንኑ ስም ይዟል። ምጽዋ ላይ የቀረው የቴዎድሮስ ዕቃ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በሌላ መንገድና በሌላ መልክ ወደ አገሪቱ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መኪና መግዛትና ሙያን መውረስ አንድ አይደሉም። ቁጥር አንባቢ መኪና ከነትእዛዙ ሊገዛ ይችላል። ተዘጋጅቶ የመጣውን ዝርዝር አስገብቶ መነሻውን የሚጫን ሠራተኛ የታሰበውን ዕቃ ያወጣል። ነገር ግን ብረቱ ሲጠነክር፣ መቁረጫው ሲደንዝ፣ የዕቃው ልክ ሲለወጥ «ይህ ከሆነ» የሚለውን መስመር መጻፍ የማይችል ሰው ጽሑፉ የመጣበትን አገር መጠበቅ ይኖርበታል። በአንጻሩ የእጅ ቶርኖ ላይ ያደገው አንጋፋ ሠራተኛ የድምፁን መለወጥ ሰምቶ፣ የብረቱን ፍቅፋቂ ቀለም አይቶ መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል፤ ይህ የጋፋቱ ጠቢብ ዓይን ነው። የእርሱ ዕውቀት ደግሞ ካልተጻፈ ጡረታ በወጣ ዕለት ከፋብሪካው ደጅ ይወጣል።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ሁለቱንም ትምህርት በአንድ አካባቢ ይዟል። በጋፋት ሥራው ተሠርቶ ሳለ ምርጫው በጥቂት ሰዎች ዓይን ውስጥ ብቻ ስለ ነበረ ከ1860 ዓ.ም. በኋላ ተከታይ አላገኘም። በጋይንት ግን ምልክቱ በብራና ተጽፎ፣ የምልክቱ ትርጉም ከመምህር ወደ ተማሪ በአፍ እየተላለፈ፣ ተማሪው ዓመታት ተቀምጦ ካላስመሰከረ በቀር መምህር እንዳይባል ተደርጎ እስከ ዛሬ ደርሷል። መጽሐፉ ያለ መምህሩ ዲዳ ነው፤ መምህሩም ያለ መጽሐፉ ሟች ነው። ቁጥር አንባቢ መኪና የሚፈልገውም ከዚህ የተለየ አይደለም። አንጋፋው ቶርኖ ሠራተኛ የሚያየውን ለወጣቱ ይነግራል፤ ወጣቱ የተነገረውን «ከሆነ» እና «ካልሆነ» በሚሉ መስመሮች ይጽፋል፤ የተጻፈው በብረት ላይ ይፈተናል፤ ስሕተቱም ታርሞ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ይህ ሲሆን የጋፋት ስም በተቋማቱ በር ላይ ከመጻፍ አልፎ በሙያው ውስጥ ይኖራል።